«ሞቷል» የማይባልበት ሱቅ

ኮሌጅ ስመዘገብ ወረቀቱን የምትሞላው ሠራተኛ የቀድሞ ሥራዬን ጠየቀችኝ። «ብር ሠሪ ነበርኩ» አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ።

«ብር ትሠራ ነበር? ፖሊስ ልጥራ ወይስ ለእኔም ትሠራልኛለህ?»

ከኋላዬ የተሰለፉት ልጆች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። የምለው የሚታተመውን ሳይሆን የሚቀልጠውን እንደሆነ ሳስረዳት «አንጥረኛ» ብላ ጻፈችና ወደሚቀጥለው መስመር አለፈች።

እኔ የአንደኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። ከክፍሉ ተማሪዎች በዕድሜ ስለምበልጥ «ጋሼ» ይሉኛል። የቋንቋ መምህራችን ሥራ ላይ ቆይተን የመጣን ተማሪዎች ስለ ሥራ ዘመናችን እንድንጽፍ አዘዙን። ስንት ገጽ መሆን እንዳለበት ስጠይቃቸው «እስኪያልቅ» አሉኝ። እንደታዘዝኩት እስኪያልቅ እጽፋለሁ።

የተወለድኩት በሰቆጣ በኩል ባለው ዝቋላ ነው። አገሩ የማሽላና የፍየል አገር ነው። ሰቆጣ ከዘመድ ቤት ተጠግቼ እስከ አሥረኛ ክፍል ተማርኩ። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ትምህርቱን አቋርጬ ሥራ መፈለግ ጀመርኩ። ገበያው ዳር ብር የሚያነጥሩ አያ ፈንታ የሚባሉ ሰው ረዳት ይፈልጋሉ ሲባል ሰምቼ ሄድኩ። መዶሻ ይዤ አውቅ እንደሆነ ይጠይቁኛል ብዬ ነበር። የጠየቁኝ ሌላ ነው።

«ኽምጥኛ ትችላለህ?»

«የእናቴ ቋንቋ ነው።»

«አማርኛህስ?»

«የትምህርት ቤት።»

«በቃ፣ ወናፉ ጋ ተቀመጥ።»

ደሞዙ ትንሽ ነበር፤ ምሳ ግን ከእርሳቸው ጋር ነበር የምንበላው።

ያን ጊዜ የምንሠራው በአብዛኛው ጠገራ ብር ነበር። ጠገራ የውጭ አገር ንግሥት ምስል ያለበት ትልቅ የብር ሳንቲም ነው። አያቶቻችን ይገበያዩበት ነበር። እኔ ሥራ ስጀምር ግን ወይ ጆሮ ተበይዶለት አንገት ላይ ይንጠለጠላል፣ ወይ ቀልጦ የአንገት መስቀል፣ ጉትቻና ቀለበት ይሆናል። ሰው ከየገጠሩ ጠገራውን በጨርቅ ጠቅልሎ ይመጣል። ከጠገራ መካከል ሐሰተኛም አለ። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከእሳቱ በፊት፣ ከምርመራው ነው።

አያ ፈንታ መጀመሪያ እጃቸውን ይታጠባሉ። ጠገራውን በጣታቸው ጫፍ አንጠልጥለው በሚስማር መታ ያደርጉና ዓይናቸውን ጨፍነው ድምፁን ያዳምጣሉ። ደህና ጠገራ እንደ ትንሽ ደወል ይጮህና ድምፁ ቀስ ብሎ ይጠፋል። ቀጥሎ የንግሥቲቱን የትከሻ ጌጥ ፍሬዎች በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ ይቆጥራሉ፤ ሐሰተኛውን የሠራው ሰው ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ይሰንፋልና። ከዚያ ወደ ሚዛኑ ይሄዳሉ። በአንደኛው የሚዛን ጎን የሚያስቀምጡት ፈጽሞ የማይቀልጥ የራሳቸው ጠገራ ነበራቸው። «ዳኛው» ይሉታል። አባታቸው የሠሩበት ነው። በመጨረሻ ጠገራውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ያሸታሉ።

«አያ ፈንታ፣ ሊበሉት ነው እንዴ?» ይላል ገበያተኛው።

«ጾም ነው፣ ዛሬ አልበላም» ይላሉ ሳይስቁ።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ሌሎቹ አንጥረኞች የማያደርጉት ነገር ይመጣል። «ያየሁትን ልንገርህ» ይሉታል ባለቤቱን። ጭረቱን፣ ስንጥቁን፣ ክብደቱን፣ ቀለሙን፣ ያለውን ሁሉ በአማርኛ ይናገራሉ። እኔ በኽምጥኛ እተረጉማለሁ። ባለቤቱ የሰማውን በኽምጥኛ ይደግማል። እኔ የደገመውን መልሼ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። የተናገሩት ሳይዛባ ከተመለሰላቸው ብቻ መዶሻ ያነሳሉ። ከተዛባ እንደገና ይጀመራል። በገበያ ቀን ደንበኛው ተሰልፎ ይህን ማድረግ በጣም ያታክታል። የሽማግሌ ግትርነት ይመስለኝ ነበር።

ምክንያቱን ያወቅሁት ከሥራው ጋር ከተላመድኩ በኋላ ነው። አንድ ቀን አንድ ጠገራ መታ ባደርገው ድምፅ የለውም። ከጎረቤት አንጥረኞች የለመድኩትን ቃል ተጠቀምኩ። «ይሄስ ሞቷል» አልኩ።

አያ ፈንታ ወረንጦውን አስቀመጡ። «እዚህ ቤት ሞቷል አይባልም» አሉኝ። «አይጮህም በል። ለምን እንደማይጮህ ካወቅህ እሱንም ጨምር። ካላወቅህ አላወቅሁም በል።»

ሱቁን ስንዘጋ ነገሩን ነገሩኝ። እኔ ከመምጣቴ በፊት ኪሮስ የሚባል የፃግብጂ ገበሬ ለልጁ ክርስትና መስቀል ሊያሠራ አንድ ጠገራ ይዞ ይመጣል። ጠገራውን በበግ ለውጦ ያገኘው ከጎረቤቱ ከሀዱሽ ነበር። ገበያው ደምቋል፤ ሰው ይጠብቃል። አያ ፈንታ መታ አድርገው «ሞቷል» ይሉና ወደሚቀጥለው ሰው ይዞራሉ። በሙያው ቋንቋ ሞቷል ማለት ድምፅ የለውም ማለት ነው። የሆነ ቦታ ተሰንጥቋል እንጂ ብርነቱ አልተነካም። ኪሮስ ግን አማርኛው ጥቂት ነው። ቃሉን ይዞ ሄደ። አገሩ ደርሶ በኽምጥኛ ሲናገረው «ሞቷል» የተባለው ጠገራ «ሐሰት ነው» የተባለ ጠገራ ሆነ። ሀዱሽ በሽማግሌ ፊት ቆመ፤ አጭበርባሪ ተባለ፤ ከጽዋ ማኅበሩም ወጣ። እርሱም ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራ ሄደና በዚያው ቀረ።

ኪሮስ በሌላ የገበያ ቀን ተመልሶ ያን ጠገራ አያ ፈንታ ፊት ወርውሮላቸው ሄደ። እርሳቸውም ሰውየው በምን እንደተናደደ ሳይገባቸው አቀለጡት። ነጭ ሆኖ፣ ጥርት ብሎ ወረደ፤ ንጹሕ ብር ነበር። ያኔ ጠያይቀው ነገሩን ሲሰሙ በእግራቸው ፃግብጂ ድረስ ሄደው ለኪሮስ ነገሩት።

«ምን አለ?» አልኳቸው።

«‹አሁን እኔ ምን ላድርገው? ሰውየው የለም› አለኝ። ልክ ነው። የለም።»

ከዚያ በኋላ ነው ሁለቱን ቋንቋ የሚችል ሰው የፈለጉት። ከሁመራ የሚመለስ ሰው ባዩ ቁጥር ስለ ሀዱሽ ይጠይቁ ነበር። አየሁት ያለ ሰው አልሰማሁም።

አሁን ስለ ታደለች ጠገራ ልጻፍ። ከሥራ ዘመኔ ሁሉ አብዝቼ የማስበው እርሱን ነው።

አንድ የገበያ ቀን ረፋድ ላይ ሦስት ሰዎች ከዝቋላ መጡ። ታደለች የምትባል ወጣት ሴት፣ አማቷ እማማ አበራሽ፣ እና የባሏ አጎት አባ ገብሩ ናቸው። ታደለች የልብሷን ጥቅል በጀርባዋ አዝላ ነበር። ባሏ ሳውዲ ለሥራ ሄዷል። እማማ አበራሽ ከአንገታቸው ያወለቁትን ጠገራ በሠርጓ ቀን ለምራታቸው አስረውላት ነበር። ያ ጠገራ በዚያ ዓመት ጠቆረ። እማማ አበራሽ ምራቴ እውነተኛውን ሸጣ ቆርቆሮ አንጠለጠለች አሉ። አባ ገብሩ ደግሞ አንጥረኛ ይየውና ሐሰት ከሆነ ከገበያው ወደ አባቷ ቤት ትሂድ ብለው ፈረዱ። ጥቅሉን ያዘለችው ለዚህ ነው።

እማማ አበራሽ ጠገራውን የሥራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «እዪው እንግዲህ» አሉ ለአያ ፈንታ ሳይሆን ለታደለች። «ብር ይጠቁራል? አማቴ አድርጋዋለች፣ እኔ አድርጌዋለሁ። አንቺ አንገት ላይ ሲደርስ ከሰል ሆነ።»

ታደለች የጥቅሏን ማሰሪያ አጠበቀች።

አያ ፈንታ እጃቸውን ታጠቡ። ጠገራው እንግዳ ነበር። በአንገት በኩል የሚውለው ፊቱ እንደማንኛውም ብር ነጭ ነው። በውጭ በኩል ያለው ፊቱ ግን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ነው፤ ንግሥቲቱ ጥላሸት የተቀባች ትመስላለች። በዚያ ጥቁር መካከል ደግሞ እንደ አዲስ ጨረቃ የጎበጠ ቀጭን ነጭ መስመር አለ። መታ አደረጉት፤ አልጮኸም።

አባ ገብሩ ድምፁን ሰምተው ነበር። «ሞቷል» አሉ።

አያ ፈንታ ወደ እኔ ዞሩ። «አይጮህም በላቸው። የማይጮኸው ጆሮው ስለተበየደበት ነው፤ ጆሮ ያለው ጠገራ ሁሉ አይጮህም። ይድገሙልኝ።» ተረጎምኩ። አባ ገብሩ እያጉረመረሙ ደገሙት።

ፍሬዎቹን ቆጠሩ፤ ልክ ነበሩ። ከዳኛው ጋር መዘኑት፤ ጆሮው የጨመረው ጥቂት ነገር ካልሆነ ልክ ነው። ባለቤቶቹን አስፈቅደው ጠርዙን በሞረድ ነካ ሲያደርጉት ነጭ ወጣ።

«እስካሁን ያየሁት ብር ነው» አሉ።

«ላዩን ቀብተውት ይሆናል» አሉ እማማ አበራሽ። «ቁረጠውና ውስጡን እንየው።»

ታደለች ያን ጊዜ ነው የተናገረችው። «አይቆረጥም! ባሌ ሲመጣ ግማሽ ጠገራ ነው የማሳየው?»

«እውነትሽን ከሆነ ምን ያስፈራሻል?»

«ተቆርጦ እውነት ቢሆን ማን ይቀጥልልኛል? እርስዎ ይቀጥሉልኛል?»

አባ ገብሩ እጃቸውን አነሱ፤ ጠገራው እንዳይቆረጥ አሉ። ግን ፀሐይ ሳይበረታ መንገድ መጀመር ፈልገዋል። «አያ ፈንታ፣ በአንድ ቃል ንገረን። እውነት ነው ሐሰት?»

ሱቁ በር ላይ ሰው መቆም ጀምሮ ነበር። ከጎን ያለው አንጥረኛ ሳይቀር መዶሻውን አስቀምጦ ያያል። እኔ «እውነት» እንዲሉ ጠበቅሁ፤ ሚዛኑም ሞረዱም ተናግሯልና። አያ ፈንታ ግን ጠገራውን ያገላብጣሉ።

«አንድ ቃል የለኝም» አሉ። «ብር ነው ብዬሃለሁ። ለምን እንደጠቆረ ግን አላወቅሁም። ያንን ሳላውቅ አንድ ቃል ብሰጥህ አገርህ ስትደርስ ሌላ ቃል ይሆናል። ተቀመጡ።»

«አንጥረኛና ምራት ተመሳጠሩ» አሉ እማማ አበራሽ ለተሰበሰበው ሰው። ሰውም ሳቀላቸው። ግን ተቀመጡ።

አያ ፈንታ ጠገራውን አሸተቱት። ደግመው አሸተቱት። ለእኔም ሰጡኝ። ፍየል ይሸታል፤ ከፍየሉ ሥር ደግሞ እንደ ተጫረ ክብሪት ያለ ነገር አለ።

«ልጄ፣» አሏት ታደለችን፣ «ከዚህ ጠገራ ጋር አንገትሽ ላይ ሌላ ምን ታስሪያለሽ?»

ታደለች ከደረቷ ውስጥ ክር ሳበች። ክሩ ላይ የሳጥን ቁልፍ አለ። አያ ፈንታ ተቀብለው የቁልፉን ራስ ጎባጣ ጠርዝ በነጩ መስመር ላይ አስቀመጡት። ገጠመ። ምንም አልተረፈም፣ ምንም አልጎደለም።

«እንግዲህ ያየሁትን ልንገራችሁ» አሉና እኔ እስክተረጉም በየመካከሉ ዝም እያሉ ቀጠሉ። «ጥቁረቱ ከጠገራው ውስጥ የወጣ ቢሆን ቁልፉ አያግደውም ነበር፤ ጀርባውም ይጠቁር ነበር። ቁልፉ ያረፈበት አልጠቆረም። አንገቷ ላይ ያረፈው ፊትም አልጠቆረም። ስለዚህ ጥቁረቱ ከውጭ የመጣ ነው። አንገቷ ላይ እንዳለ የነካው ነገር አለ። ይድገሙልኝ።»

እማማ አበራሽ ራሳቸው ደገሙት። ሲደግሙት ድምፃቸው እንደ ቅድሙ አልነበረም።

«ዘንድሮ ፍየሎቻችሁ እከክ ነበረባቸው?» አልኳት ታደለችን በኽምጥኛ። እኔም የፍየል አገር ልጅ ነኝና ሽታው ቤቴን አስታውሶኝ ነበር።

«ሁሉንም ይዟቸው ነበር» አለች። «ድኝ በሞራ ለውሼ ቀባኋቸው። ብቻዬን ስለሆንኩ ደረቴ ላይ አቅፌ ነበር የምቀባው።»

ለአያ ፈንታ ተረጎምኩላቸው። ድኝ ብር እንደሚያጠቁር ያውቁ ነበር? ኋላ ስጠይቃቸው ከአባታቸው እንደሰሙ፣ በዓይናቸው ግን አይተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ለዚህ ይመስለኛል ለሰዎቹ «ድኝ ነው» ብለው ያልጨረሱት። ከቅመም ተራ ድኝ እንድገዛ ላኩኝ፤ ሞራ ከሉካንዳ አመጣሁ። ስመለስ ዳኛውን ከሚዛኑ ላይ አንስተው ይዘውታል።

ጎረቤቱ አንጥረኛ አየና «አያ ፈንታ! ዳኛውን?» አለ።

«ሌላ የማምነው ጠገራ የለኝም» አሉ።

ድኙን ከሞራው ጋር ለወሱት። ከዚያ ቁልፉን ለእማማ አበራሽ ሰጧቸው። «አንቺ አስቀምጪው፤ የፈለግሽበት ቦታ ላይ።» እማማ አበራሽ ያንኑ ጎባጣ ጠርዝ ዳኛው መሐል ላይ ጫን አድርገው አስቀመጡት። አያ ፈንታም ልውሱን በላዩ በአውራ ጣታቸው ቀብተው ዳኛውን በሸክላ ቁራጭ ላይ አድርገው ከፍሙ ራቅ ካለ ሙቅ አመድ ላይ አኖሩት።

ጠበቅን። የቆመው ሰው ስለ ማሽላ ዋጋ ማውራት ጀመረ። አባ ገብሩ ሁለት ጊዜ ተነሥተው ሁለት ጊዜ ተቀመጡ። ታደለች ጥቅሏን ከጀርባዋ አላወረደችም። ሞራው መቅለጥ ሲጀምር የዳኛው ጠርዝ መጀመሪያ እንደ ማር ቢጫ ሆነ፤ ቀጥሎ ቡናማ፤ በመጨረሻ ያው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ሆነ። አያ ፈንታ በወረንጦ አውጥተው በጨርቅ ጠረጉትና ቁልፉን አነሱት። ከሥሩ ነጭ ጨረቃ ወጣ።

እማማ አበራሽ ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው ጥቁሩን አሹት። አለቀቀም። ሁለቱን ጠገራ ጎን ለጎን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። ከዚያ ወደ ምራታቸው ዞሩ።

«ፍየሎቹን ስትቀቢ ምነው ይህን አላወለቅሽም?»

«‹ካሰርኩልሽ አታውልቂው› ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?»

«እኔ ነኝ» አሉ እማማ አበራሽ። ቀጥለውም «ከፍየሎቹ ስንት ሞቱ?» ብለው ጠየቁ።

«አንዲትም አልሞተች።»

አያ ፈንታ የታደለችን ጠገራ በእሳት አግለው በሎሚ ቢያፈሉት እንደሚነጻ፣ ዋጋም እንደማይጠይቁ ነገሯት። ጠገራውን ተቀብላ ክሩን መልሳ አሰረች። «ይቅር። ባሌ እንዲህ እንዳለ ይየው» አለች። እማማ አበራሽ ከምራታቸው ጀርባ ላይ ጥቅሉን ፈቱና ራሳቸው አዘሉት። ሲሄዱ አባ ገብሩ ቀድመው፣ ሁለቱ ሴቶች ተከትለው ነበር፤ መንገዱም የዝቋላው መንገድ ነበር።

እነርሱ ከሄዱ በኋላ አያ ፈንታ እጃቸውን ታጠቡ። «ያን ጊዜም ተቀመጥ ብዬው ቢሆን…» አሉና ሳይጨርሱት ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ስለ ኪሮስ እንደሆነ ገብቶኛል። ዳኛውን አላነጹትም። እንደጠቆረ ሚዛን ላይ ዋለ። ደንበኛ «ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው?» ሲል «ተቀመጥ፣ ልንገርህ» ይሉ ነበር። ከሌላው ጊዜ ይልቅ ደስ ብሏቸው የሚናገሩት ያንን ነበር።

የቀረው አጭር ነው። ከአያ ፈንታ ዘንድ ወጥቼ ወልድያ አንድ የወርቅ ቤት ገባሁ። ባለቤቱ አቶ ሰይድ ጥሩ ሰው ናቸው፤ «ሰቆጤ» ነበር የሚሉኝ። ግን እዚያ የሚመረመር ነገር አልነበረም። ዕቃው ተሠርቶ በካርቶን ይመጣል፣ እኛ እናሳጥራለን፣ እንበይዳለን። ቀጥሎ አምደወርቅ ከተማ ራሴን ችዬ ትንሽ ሱቅ ከፈትኩ። ለጥቂት ዓመታት ጠገራ ይመጣልኝ ነበር፤ በኋላ እየቀነሰ ሄደ። አንዳንዱን ነጋዴ ገዝቶ ወሰደው፣ አንዳንዱ ቀልጦ አለቀ፣ ወጣቶቹም ከሳውዲ የሚላከውን ሐብል ወደዱ። ሰዓት መጠገን ሞከርኩ፤ እርሱንም ስልክ ጨረሰው። ስለዚህ ያቋረጥኩትን ትምህርት በማታ ጨርሼ እዚህ መጣሁ። አያ ፈንታ ዓይናቸው ደክሞ ሥራ አቁመዋል። ባለፈው ልጠይቃቸው ስሄድ ምን እንደምማር ጠየቁኝ። «ነገር ከነገር ሲነካካ ለምን እንደሚለወጥ» አልኳቸው። «ደግ፣ ድገመው» አሉኝ። ደገምኩላቸው።

ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ ፈተና ወሰድን። አንደኛው ጥያቄ «ብር ከድኝ ጋር ሲነካካ ይጠቁራል» ይላል። በቅንፍ ውስጥ «እውነት» ወይም «ሐሰት» ብለን እንድንጽፍ ነው የታዘዝነው። ጥያቄውን ብዙ ጊዜ አየሁት። «እውነት» ብዬ ጻፍኩ። የኬሚስትሪ መምህራችን የታዘዘው ብቻ እንዲሠራላቸው እንደሚወዱ አውቃለሁ፤ ማስቀየም አልፈለግሁም። ነገር ግን እጄ አላቆመም። ከሥሩ በትናንሽ ፊደል ቁልፍ ያረፈበት ቦታ እንደማይጠቁር፣ ውስጡም ነጭ እንደሆነ፣ ስለዚህ የጠቆረ ሁሉ ሐሰተኛ እንዳልሆነ ጻፍኩ።

ወረቀቱ ሲመለስ ትክክል ተብያለሁ። ከጎኑ በቀይ «ማብራሪያ አልተጠየቀም» ይላል።

እንዳልተጠየቀ እኔም አውቅ ነበር።